አንበሳ የነበረበት ባንዲራ

በነሐሴ አጋማሽ በዋለ አንድ እሑድ አባቴ በቀበሌ ስብሰባ መካከል እጃቸውን አወጡ። መጀመሪያ አላየኋቸውም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ጉልበቴን ጨበጥ ስታደርገኝ ነው ቀና ያልሁት። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የረጠበ ጋቢና ጭቃ የያዘ ጫማ ይሸታል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እኛ አዞረ።

ሊቀ መንበሩ የማኅበሩን አዲስ መመሪያ አንብቦ መጨረሱ ነበር። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ይባል እንጂ ሁላችንም የምንጠራው ቀበሌ እያልን ነው። መመሪያው የወጣው ለሦስተኛው የአብዮት በዓል ነው። እያንዳንዱ ቤት አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ባንዲራ፣ ከጎኑም ማጭድና መዶሻ ያለበትን ቀይ ባንዲራ ይሰቅላል። አንበሳ ያለበት አሮጌ ባንዲራ ያለው ሰው ጳጉሜን ሳይገባ ለቀበሌው ያስረክባል። ነዳጅ፣ የሞተር ዕቃ፣ ከቤት ቀለብ ያለፈ እህል በግቢው ያስቀመጠም ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ ቤት ለቤት ፍተሻ ይኖራል፤ የተገኘበት ሰው አድኃሪ ነው። ሊቀ መንበሩ ይህን የመጨረሻውን ቃል ሲያነብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ከአብዮቱ በፊት ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ያኔም ቢሆን ሲናገር አይጮህም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በጣና ላይ የጭነት ጀልባ ሞተረኛ ነበሩ። ባሕር ዳርና ደልጊ መካከል ሲመላለሱ ነው ዕድሜያቸው ያለቀው። የሞተሩ ጩኸት ጆሯቸውን ስለ ጎዳው ድምፃቸው ከሚያስፈልገው በላይ ይጎላል። በዚያ ጊዜ ሰው ሁሉ ድምፁን ቀንሶ መኖር ለምዶ ነበር፤ እሳቸው ግን ቢፈልጉም አይችሉም።

«የቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት ብላችሁ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥታችሁኛል» አሉ ቆመው። «አከራያት የነበረችውን ክፍል አዋጁ ሲወስዳት አንድ ቃል አልተናገርሁም። አንዷ ቤት ግን የእኔ ናት ተብያለሁ። እንግዲህ ሳጥኔ ውስጥ ያለው ነገር የእኔ ነው ወይስ የማኅበሩ?»

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፤ የቤት ቁጥራችንን ጠየቀ፤ ጻፈ። ከዚያ ጥያቄዎ ተይዟል አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። አባቴ ረክተው ተቀመጡ። እኔ ግን ነጠላዬን ተከናንቤ አንገቴን ደፋሁ፤ የቤት ቁጥሩ የተጻፈው ለመልስ እንዳልሆነ ገብቶኛልና።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቤታችን ከሐይቁ ዳር ብዙም አይርቅም፤ በክረምት ውሃው ሲሞላ የደንገሉ ሽታ ጓሮ ድረስ ይመጣል። ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

ባንዲራውን የሰፋችው እናቴ ናት። የጀልባው ባንዲራ በነፋስ ተበጫጭቆ አልቆ ነበርና አባቴ አንድ ክረምት ጨርቅና ክር ገዝተው መጡ። እናቴ በቀሚስ ጥልፍ የታወቀች ነበረች፤ አንበሳ ግን አይታ አታውቅም። እግሩንና ጅራቱን ከብር ኖት ላይ አይታ ሠራችው። ፊቱ ሲያስቸግራት በራችን ላይ የሚተኛውን ውሻችንን እያየች ጠለፈችው። ስለዚህ ዘውድ የደፋ፣ መስቀል ያለው በትር የያዘ፣ ጆሮው ዘንበል ያለ የዋህ እንስሳ ሆነ። ጀልባተኞቹ በጣም ሳቁ፤ ግን ሰቀሉት፤ ዓመታት ሙሉም ሐይቁ ላይ ተውለበለበ። መንግሥት ሲለወጥ ለጀልባው ሌላ ባንዲራ ተሰጠና አባቴ ይህን አጥፈው ወደ ቤት ይዘውት መጡ። እናቴ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው።

ከባንዲራው ሌላ ጓሮ በዳሱ ሥር አንድ አሮጌ የጀልባ ሞተርና ሁለት የናፍጣ በርሜሎች ነበሩ። በርሜሎቹ ባዶ ናቸው፤ የዝናብ ውሃ እናጠራቅምባቸዋለን። ሞተሩ ከተነሣ ብዙ ዓመቱ ነው፤ አባቴ ግን በየሳምንቱ ይወለውሉታል፤ ይፈታሉ፤ መልሰው ይገጥማሉ። እነዚህ ነገሮች ከዚያ እሑድ በፊት ለእኔ የቤት ዕቃ ነበሩ። ከዚያ እሑድ በኋላ ግን ጓሮ በወጣሁ ቁጥር በአብዮት ጠባቂ ዓይን አያቸው ጀመር።

የምፈራው በከንቱ አልነበረም። ጎረቤታችን የምትኖረው ከአባቴ ተወስዳ ለቀበሌ በሆነችው ክፍል ውስጥ ነው። ከደሴ የመጣች ናት፤ ባሏ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሰኔ ወር ቤታቸው ሲፈተሽ ዱቄቱን ሳይቀር ምድር ላይ ደፍተው አበጠሩት። አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኙ። እሷ የወንድሙ ደብዳቤ ነው ትላለች፤ ምን እንደ ሆነ ግን ማንም ሳይነግራት ባሏን ይዘውት ሄዱ። ሦስት ሳምንት ስንቅ አመላለሰችለት። ከዚያ አንድ ቀን የእስር ቤቱ በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳህኑን ሳይቀበላት፣ ከዛሬ ጀምሮ አታምጪ አላት። እሷም ተመልሳ መጣች፤ ምግቡን ከፊቷ አስቀምጣ እስኪመሽ ድረስ አየችው። የማልቀስ ፈቃድ አልነበረም። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

ከስብሰባው በማግስቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ስናሰጣ ይህች ሴት ቀረብ አለችኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደ ሆነ አልጠየቀችኝም። «እኔ ብሆን ዛሬውኑ አጠፋው ነበር» አለችኝ ብቻ። «እኔ ወረቀቱን ሳላየው ቀረሁ። አንቺ ግን አይተሻል።»

ያን ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኋቸው። እናስረክበው አልሁ። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ከዚያ የማያልቅ ክርክራቸውን ጀመሩ። አልሰቀሉትም፤ ለማንም አላሳዩም፤ አዋጁ አንድ ቤት ከነዕቃው ሰጥቷቸዋል፤ ወረቀቱም አለ። መመሪያ ከአዋጅ አይበልጥም። ሞተሩንም ቢሆን ያስመዘግቡታል፤ ግን ዝናቡ ጋብ ሲል። ሲናገሩ ድምፃቸው ግድግዳውን አልፎ ይወጣ ነበር፤ እኔ እጄን ወደ ታች እያወረድሁ ቀስ ይበሉ እላለሁ። በመጨረሻ «የእናትሽ እጅ ያረፈበት ሌላ ምን ቀርቶኛል?» አሉኝ። ተነሥቼ ሳህኑን አነሣሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ለመንገር ይከብደኛል። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ዝግ ስለ ነበር ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። መኪና ሲመጣ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሲያልፍ እቀመጣለሁ። የእግር ኮቴ ጭቃውን ሲረግጥ የስንት ሰው እንደ ሆነ መለየት ለመድሁ። ባንዲራውን ለማቃጠል አሰብሁ፤ ግን ወፍራም ጨርቅ ነውና ሽታው ጎረቤት ሁሉ ይደርሳል። መቅበርም አሰብሁ፤ ክረምት ነው፤ የተቆፈረ አፈር ከሩቅ ያስታውቃል።

አንድ ጠዋት ከልብሱ ሥር አድርጌ በሳፋ ይዤው ወደ ሐይቁ ወረድሁ። በጨርቁ ላይ ድንጋይ ቋጥሬ ላሰጥመው ነበር ሐሳቤ። ውሃው ከፍ ብሎ እስከ ዋርካው ሥር መጥቷል፤ ሴቶች ተደርድረው ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ ጥቂት ፈንጠር ብሎ በተገለበጠ ጀልባ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። የሚያየው ሐይቁን ይሁን እኛን አላወቅሁም። ከላይ ያለውን ልብስ ብቻ እያወጣሁ አጠብሁ። አንድ አንሶላ ሦስት ጊዜ አጠብሁ። አጠገቤ ያለችው ሴት የቀረውን ላግዝሽ ብላ እጇን ወደ ሳፋው ስትሰድ፣ ንጹሕ ነው አልኋትና ተነሣሁ። ዳገቱን ስወጣ ጀርባዬ ላይ ዓይን ያረፈ ይመስለኝ ነበር፤ አልዞርሁም።

በነሐሴ ማለቂያ ላይ አባቴ መሸንቲ ለለቅሶ ሄዱ። የዱሮ የሥራ ጓደኛቸው ሞቶ ነው፤ ውለው ነው የሚመለሱት። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ሳጥኑን ከፈትሁ። ባንዲራውን አልጋ ላይ ዘረጋሁት፤ ምላጭና መርፌ አመጣሁ፤ ከጅራቱ ጀመርሁ።

እናቴ ክሩን ደርባ ነበር የጠለፈችው። ነፋስ እንዳይፈታው ብላ በየጥቂት ስፌቱ ላይ ቋጠሮ አድርጋለች። እኔ ያን ቋጠሮ አንድ በአንድ በምላጭ እቆርጣለሁ፤ ክሩን በመርፌ ጫፍ እየመዘዝሁ አወጣለሁ። ጅራቱ ሄደ፤ እግሮቹ ሄዱ፤ በትሩ ከነመስቀሉ ሄደ። መስቀሉ ላይ ስደርስ አማተብሁ። ፊቱ ላይ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። እናቴ ዓይኑን የሠራችው በጥቁር ክር ሆኖ መሐሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አድርጋበታለች፤ ያቺ ነጥብ እንዳለች ሰው አያውቃትም፤ እኔም ያን ቀን ነው ያየኋት። ነጥቧን ለመጨረሻ ተውኋት፤ ከዚያ እሷንም ቆረጥሁ።

መሐል ላይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ነበረች፤ ጨው ፈልጋ። በመስኮት ሰጠኋት። ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ አልጋው ላይ አረፈ፤ ጨውዋን ይዛ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ግን በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ የሽሮ አተር ስትለቅም አየኋት። ሰው ሲመጣ ቀድማ ለማየት እንደ ተቀመጠች አሁን አውቃለሁ።

ክሩን ሁሉ ሰብስቤ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። ተመልሼ ባንዲራውን ሳይ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ቢጫው በፀሐይና በውሃ ብዛት ነጣ ብሏል፤ ከአንበሳው ሥር የነበረው ግን ፀሐይ አይቶት አያውቅምና እንደ አዲስ ደማቅ ነው። አንበሳው በክር ሳይሆን በቀለም እዚያው ቆሟል፤ ዘንበል ያለው ጆሮው ሳይቀር ይታያል። ልመልሰው አልችል፤ ላጠፋው አልችል። አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥሁት።

አባቴ ሲመለሱ አልነገርኋቸውም። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ነበር። እግራቸውን ሳጥባቸው ስለ ሟቹ ያወሩኝ ነበር፤ በማዕበል ቀን ጀልባውን እንዴት እንዳዳነ። በዚያ መሐል ያንን መናገር አልቻልሁም።

ፍተሻው የመጣው በጳጉሜን ሁለተኛ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። አራት ሆነው መጡ። ሁለቱ ወደ ጓሮ ዞሩ፤ በርሜሎቹን በጠመንጃ አፈሙዝ ሲመቱ ይሰማኛል። መሪያቸው ካኪ የለበሰ ቀጭን ሰው ነው፤ ከቀረው አንዱ ጋር ቤት ገባ። ፍራሹን ገለበጡ፤ የተማሪዎቼን ደብተሮች አገላበጡ። ከዚያ መሪው አባቴን፣ በስብሰባ ላይ ስለ ሳጥን የጠየቅኸው አንተ ነህ አላቸው።

አባቴ እየጠበቁት ነበር። የቤቱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውታል። «እኔ ነኝ» አሉ። «አንበሳ ያለበት ባንዲራ አለኝ። አልሰቀልሁትም፤ ሳጥኔ ውስጥ ነው ያለው። ሳጥኑ በቤቴ ነው፤ ቤቱም የእኔ ነው።»

እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ድምፄ ከየት እንደ ወጣ አላውቅም። «አንበሳ የለበትም» አልሁ። «ኖሮበትም አያውቅም።»

አባቴ ዞረው አዩኝ። በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም፤ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ወሰዱ። ካኪ ለባሹ ከእሳቸው ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ተመለከተ። ከዚያ ሳጥኑን ራሳቸው እንዲከፍቱ አዘዛቸው። አባቴ ተንበርክከው ከፈቱ፤ በሁለት እጃቸው አወጡት፤ አንበሳው ወደ ሰዎቹ እንዲሆን አድርገው ዘረጉት። ከዚያ ራሳቸው አጎንብሰው አዩ።

ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር አይቼዋለሁ፤ ግን ምን እንደ ነበር አልገባኝም። አልጮሁም። እጃቸው በቢጫው ላይ ሄደ፤ ደማቁ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ካኪ ለባሹ ባንዲራውን ከእጃቸው ነጥቆ ወደ ብርሃን አወጣውና አንበሳውን አየው። እንዴ፣ በአብዮቱ ላይ ነው የምትቀልዱት አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ሞተሩንና በርሜሎቹን በጋሪ ጫኑ። እኛን በእግር ከጋሪው ኋላ አስከተሉን። መንገዱ ላይ የምናውቃቸው ሰዎች ሲያዩን ወደየበራቸው ይገባሉ። አባቴ ከእኔ ጎን ይሄዱ ነበር፤ እስከ ቀበሌው ድረስ አንድ ጊዜም አላዩኝም።

ሊቀ መንበሩ ብቻውን ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነበር። ካኪ ለባሹ የሆነውን ነገረው፤ አባትዬው አለ ብሏል፣ ልጅቱ የለም ብላለች፣ ሁለቱም ወደ ከፍተኛው ይላኩ አለ። ከፍተኛው ማለት ከቀበሌው በላይ ያለው ቢሮ ነው፤ የጎረቤቴ ባል የሄደበት።

ሊቀ መንበሩ ባንዲራውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ ገልብጦ ጀርባውን አየ። ከዚያ ይዞት ተነሣና መስኮቱ ላይ ወጠረው። በመርፌ ቀዳዳዎቹ ብርሃን ገባ፤ አንበሳው ከነዘውዱ በብርሃን ነጠብጣብ ተሠርቶ መስኮቱ ላይ ታየ።

«ጨርቅ ሲታጠብ ቀዳዳው ይደፈናል» አለ ወደ እኛ ሳይዞር። «ይሄ ከተተረተረ ሁለት ሳምንት አይሞላውም። ማን ነው የተረተረው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሊቀ መንበሩ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። የኮቱ ክሳድ ውስጥ መርፌ ሰክቶ መያዝ የዱሮ ልማዱ ሳይሆን አይቀርም፤ መርፌውን መዘዘ፤ ከባንዲራው ጠርዝ ላይ አንዲት ክር ሳበ፤ ሁለቱንም ለአባቴ ሰጣቸው። ክሩን ያስገቡልኝ አላቸው። አባቴ ተቀበሉ። ጣቶቻቸው ወፍራም ናቸው፤ በናፍጣ የተሰነጣጠቁ ናቸው። መርፌውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ አራቁ። ክሩ በጎን በጎን ያልፋል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ። ለአራተኛ ጊዜ ክሩን በምራቃቸው ሲያርሱ ማየት አልቻልሁም።

«እኔ ነኝ የተረተርሁት» አልሁ። «እሳቸው መሸንቲ በሄዱበት ቀን። አላወቁም።»

ሊቀ መንበሩ መርፌውን ከአባቴ ተቀብሎ ወደ ክሳዱ መለሰ። ካኪ ለባሹን ሄዶ ሞተሩን ከጋሪው እንዲያስወርድ ነገረው። ሰውየው መሄድ አልፈለገም፤ ግን ሄደ። እሱ ሲወጣ ሊቀ መንበሩ፣ የተረተርሽው መመሪያው ከተነበበ በኋላ ነው ወይስ በፊት ብሎ ጠየቀኝ። በኋላ ነው አልሁት። መዝገቡን ከፈተ፤ ጻፈ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበው፤ ቤተሰቡ በመመሪያው መሠረት አንበሳውን በገዛ እጁ ነቅሏል። ቀጥሎ በርሜሎቹና ሞተሩ ሳይመዘገቡ መገኘታቸውን ጻፈ።

አባቴ ወረቀታቸውን ከላስቲኩ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሊቀ መንበሩ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ማኅተሙን አየ፤ በእጥፋቱ መልሶ አጠፈና ሰጣቸው።

«ወረቀቱ ልክ ነው» አለ። «ቤቱ የእርስዎ ነው። አሁን ግን በዓሉ እስኪያልፍ እዚህ ይቆያሉ። እዚህ ቢቆዩ ይሻልዎታል።»

ይህ ዛቻ ይሁን ርኅራኄ ለብዙ ጊዜ አላወቅሁም። በቀበሌው እስር ቤት መቆየት ወደ ከፍተኛው ከመሄድ ምን ያህል እንደሚለይ የገባኝ ኋላ ነው። ያን ቀን ያየሁት አባቴ ቀበቷቸውን ሲፈቱ ብቻ ነው። ሊቀ መንበሩ ባንዲራውን ለእኔ ሰጠኝ። በቀበሌው ሌላ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ባንዲራ እንደሌለ፣ ለበዓሉ ይህንኑ ቀበሌው ከሚያድለው ቀይ ባንዲራ ጎን እንድሰቅል ነገረኝ። ሰው ያየዋል አልሁት። መመሪያው ስቀሉ ነው የሚለው አለኝ።

መስከረም ሁለት ማለዳ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሁለቱንም በቀርከሃ ላይ አስሬ ከጣሪያው ጫፍ አቆምኋቸው። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ቶሎ ያዛቸው። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየሁት፤ ፀሐይ ሲመታው ያ ደማቅ ቦታ ከሩቅ ይለያል። ፈትቼ ላውርደው አልችል፤ ባንዲራ ያልሰቀለ ቤት ሊመዘገብ ነው። ትቼው ወደ ሰልፉ ሄድሁ፤ መምህራን ከተማሪዎቻችን ጋር መውጣት ነበረብን።

ሰልፉ ወደ አደባባዩ የሚሄደው በእኛ ቤት ፊት ነው። መፈክር እያስፈከርሁ በራሴ ጣሪያ ሥር አለፍሁ። ወደ ላይ አላየሁም። ከኋላዬ ያሉት ልጆች ድምፃቸው ሲላላ ሰማሁ፤ አንዷ አንበሳ ብላ ስትጀምር እጇን ይዤ ጨመቅኋት፤ ዝም አለች። መድረኩ ላይ ካሉት ባለ ሥልጣኖች መካከል አንዱ በዚያ መንገድ በመኪና እንደሚመለስ እያሰብሁ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልሁ። ስመለስ ባንዲራው እንዳለ ነበር። ጎረቤቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ብዙ ሰው አለፈ አለችኝ፤ ብዙው አየ፤ ማንም ግን አልቆመም።

አባቴን ከበዓሉ በኋላ በአራተኛው ቀን ለቀቋቸው። ከስተው፣ ጢማቸው አድጎ መጡ። ውሃ አሞቅሁ፤ ታጠቡ፤ በሉ። ስለ ባንዲራው አንድ ቃል አላነሡም። ሞተሩ እንደማይመለስ ነግረዋቸዋል፤ ስለ እሱም አላወሩም። ጓሮ እየወጡ ዳሱ ሥር ባዶው ቦታ ላይ ይቆማሉ። እኔን በስሜ መጥራት ተዉ፤ ሲፈልጉኝ ዝም ብለው እስካያቸው ይጠብቃሉ። ከሁሉ የጎዳኝ ድምፃቸው ነው፤ ያ ጩኸታቸው ጠፋ። እስር ቤት ውስጥ ቀስ ብለው መናገር ተምረው ነበር፤ የሚሉትን ለመስማት መጠጋት አለብኝ።

አንድ ወር ያህል እንዲህ ኖርን። በጥቅምት፣ ውሃው መሸሽ ሲጀምር፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር እንሂድ አሉኝ። ዋርካው ሥር ተቀመጥን። ታንኳዎች እንጨት ጭነው ይመጡ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ብዙ ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱን እንኳ ሳልጀምር እሳቸው ቀደሙኝ።

«የተቆጣሁሽ መስሎሻል» አሉ።

አዎ አልኋቸው።

«ሳጥኑን ስከፍት ፈርቼ ነበር ልጄ። በስብሰባው የተናገርሁ ዕለት ማታ ጀምሮ ፈርቻለሁ። ወረቀቱን እየዳበስሁ ነው ሌሊቱን የማድረው። ሰዎቹ ሲመጡ አለ ያልሁት ድፍረት እንዳይመስልሽ፤ መጠበቁ ሰልችቶኝ ነው። ከዚያ ዘርግቼ ባዶውን ሳየው...» አሉና ወደ ውሃው አዩ። «ደስ አለኝ። የእናትሽ ሥራ ጠፍቶ ሳይ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ተረፍሁ አልሁ። አንቺን ቀና ብዬ ማየት ያቃተኝ በዚያ ነው እንጂ በተረተርሽው አይደለም።»

እኔም እያንዳንዱን ክር ስቆርጥ ያ ደስታ ተሰምቶኝ ነበር፤ ግን አላልኋቸውም። እጃቸውን ያዝሁ። ቆዳው ሸካራ ነው፤ የናፍጣው ሽታ እየለቀቀው ነበር።

ሰማዩን አይተው ነፋሱ ሊነሣ ነው፣ ደልጊ የሚሄደው ጀልባ ዛሬ አይወጣም አሉ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን እየጎተተ በአጠገባችን ሲያልፍ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እንዳለው ጠየቁት። ሁለት ይዟል። ትልቁን መርጠው በሣር አስረው ሰጡኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሡ፤ ዳገቱንም ቀስ እያልን ወጣን።